የመሃሉ እራፊ

ጥቅምት 12 ቀን 71

ይድረስ ለእትዬ፣ ለባለቤቴ ታላቅ እህት፤

ጤናዎ ከልብስ ማጠቢያው እንፋሎት የጠነከረ፣ ቤትዎ በእጅዎ ከሚያልፈው አንሶላ የነጣ ይሁን። እኔስ ሳሉ ቀንሶልኛል። ሐኪሙ ጀርባዬን እንደ በር እያንኳኳ "እየጠራ ነው" ይለኛል፤ እኔም "ታዲያ በሩ መቼ ነው የሚከፈተው?" ብዬ አሳቅኩት።

ለሁለቱም ልጆች ብርድ ልብስ ሰፍቼ በዚህ ጥቅል ልኬያለሁ። ተለቅ ያለው የቁንጥንጥ ነው፣ ሌላው የድቡልቡል። ሲያዩት "ይቺ ለማን ትበቃለች?" እንዳይሉኝ፤ ሆን ብዬ ነው ያሳነስኩት። በእኛ ቤት ብርድ ልብስ ከልጁ ጋር ያድጋል። እናቴ ለእኔም እንዲህ ነበር የምትሰፋልኝ፤ በየዓመቱ የጠበበኝን ቀሚስ ትቀድና በአራቱም ጎን ጠርዝ ትጨምርበታለች። ሳገባ ይዤው ብመጣ ወንድምዎ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "ይሄ ብርድ ልብስ ነው ወይስ ሜዳ?" ብሎ ስቆብኛል።

ስለዚህ ልጆቹ የጠበባቸውን ልብስ አይጣሉብኝ፣ ለሰውም አይስጡብኝ። በየዓመቱ ከብርድ ልብሱ ጋር ይላኩልኝና ጠርዙን ጨምሬ ብርዱ ሳይገባ እመልሰዋለሁ። ቢቻል ልብሱ ሳይታጠብ ይሁን። ምን ሊረባሽ ይሉኝ ይሆናል፤ ምንም፣ አሸተዋለሁ። ቁመታቸውንም በክር ይለኩልኝ፤ ለያንዳንዳቸው አንድ ክር፣ ከራስ ፀጉር እስከ ተረከዝ። ቁጥር አይጻፉልኝ። ክሩን ከስፌት መኪናዬ በላይ ሚስማር ላይ ሰቅዬ እየሰፋሁ ላያቸው ነው።

መሃል ላይ ያለው ሰማያዊ እራፊ ከቤት ቀሚሴ ላይ የቀደድኩት ነው። ቁንጥንጥ ያንን ቀሚስ ካልጨበጠች እንቅልፍ በዓይኗ አይዞርም። ከአገር ይዘዋቸው የወጡ ቀንም ጫፉን ከእጇ ያስለቀቅናት በግድ ነው፤ እርስዎም አይተዋል። ማታ መሃሉን ወደ ፊቷ አድርገው ያልብሷት፤ ወዲያው ትተኛልዎታለች።

"እስክትድኚ ድረስ" ብለው ነው የወሰዱልኝ፤ ውለታዎን አልረሳውም። እኔም ለመዳን እየተጣደፍኩ ነው።

ዓይን ዓይናቸውን ይሳሙልኝ።
የወንድምዎ ሚስት


ጥር 20 ቀን 71

ለመርፌ፤

እንኳን ተሻለሽ። ልጆቹ በልተው፣ ታጥበው፣ በሰዓታቸው ይተኛሉ። ወንድሜ "መርፌ" ያለሽ በቅጥነትሽ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ በመውጋትሽ ነው። "ሳይታጠብ ይሁን" ትይኛለሽ? እኔ እኮ ሃያ ሴት የማዝ የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ኃላፊ ነኝ። ያልታጠበ ልብስ ከእጄ ወጣ ቢባል ማን ያምናል?

ድሪቶዎቹ ደርሰዋል። በትልቁ ማጠቢያ መኪና፣ ደም የነካው አንሶላ በሚታጠብበት ሙቀት ሁለት ጊዜ አጠብኳቸው። እንዳትቀየሚ፤ እያሳልሽ ነው የሰፋሻቸው። ሰማያዊውን ደግሞ ተርትሬ አውጥቼ ጥዬዋለሁ። በሽተኛ የለበሰውን ቀሚስ ልጅ አፍና አፍንጫ ላይ? ምን ነካሽ አንቺ? በቦታው ከሆቴሉ ነጭ አንሶላ ቆርጬ ገጥሜበታለሁ፤ በመኪና፣ ቀጥ ባለ ስፌት። ትልቋ ሦስት ሌሊት አለቀሰች። በአራተኛው ተኛች።

ክር ያልሽው አልገባኝም። እዚህ ሜትር አለ። ትልቋ አንድ ሜትር ከሁለት፣ ትንሹ ሰማንያ ሦስት። የጠበባቸውን ልኬልሻለሁ፤ ታጥቧል፣ ተተኩሷል።

ውለታ የሚባለውን ነገር ተይው። የወንድሜ ደም ናቸው።

እትዬሽ


መስከረም 9 ቀን 72

ይድረስ ለእትዬ፤

እግዜር እጅዎን ከሙቅ ውሃ፣ ወገብዎን ከቅርጫት ሸክም ይጠብቅልኝ። ዛሬ የምጽፈው ደስታ ነው። ድኛለሁ! ሐኪሙ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጥቶኛል፤ ግልባጩን ከዚሁ ጋር ያገኙታል። "ሂጂ፣ ልጆችሽን እንደልብሽ ሳሚ" ነው ያለኝ፤ በዚሁ ቃል።

በክረምት የላኩልኝን ብርድ ልብሶች ጠርዝ ጨምሬ መልሻለሁ። ድቡልቡል የጠበበው ሱሪ ሁለቱም ጉልበቱ ተበልቷል። ይድህ የነበረው ልጄ መሮጥ ጀምሮ እየወደቀ ነው ማለት ነው። የተበላውን ጉልበት እንዳለ ጠርዙ ላይ አኖርኩት፤ ማን ያውቃል፣ አድጎ ሲያየው ይስቅበታል። የቁንጥንጥ ቀሚስ ኪስ ውስጥ አንድ ቁልፍ አገኘሁ፤ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ አሁንም እዚያው ነበር። የሃያ ሴት አለቃ፣ አመለጠዎት! ቁልፉን እኔው ጋ አስቀርቼዋለሁ።

የሆቴሉን ነጭ አንሶላ ተርትሬ አውጥቼ እዚሁ ጥቅል ውስጥ ከትቼልዎታለሁ፤ ዕቃ ጎደለ እንዳይባልብዎ። ሰማያዊውን በቦታው መልሼዋለሁ። በሽታ እንዳይሉኝ ከቀሚሱ ሌላ ቁራሽ ቆርጬ ቀለሙ እስኪለቅ ቀቅዬዋለሁ።

አሁን የቀረው እርስዎ የሚፈርሙት፣ ወዳሉበት አገር የመግቢያ ወረቀት ብቻ ነው። ያለ እርስዎ ፊርማ ማንም አያስገባኝም። ፈርመው ይላኩልኝና መጥቼ ልጆቼን ልውሰድ። አልጋቸውን ከመኪናዬ አጠገብ ዘርግቼዋለሁ። ሰው እየገባ "ለማን ነው?" ይለኛል፤ እኔም መልሼ መላልሼ መናገር ደስ ብሎኛል።

የወንድምዎ ሚስት


ሰኔ 3 ቀን 72

ለመርፌ፤

መልሱ ዘገየ። ሥራ በዝቶ ነው ብልሽ ውሸት ነው፤ ልጽፍልሽ አላሰኘኝም።

መዳንሽ ጥሩ ነው። ፊርማውን ግን አልፈርምም። ትልቋ ትምህርት ጀምራለች፤ የሰውን ቋንቋ ይዛ አፏን ልትፈታ ስትል መልሼ ደረጃ ሥር ባለች ክፍልሽ፣ የስፌት መኪና እግር ሥር ላስቀምጣት? አንቺስ ምን አለሽ? ሌት ተቀን መርፌ። ደግሞ ሳል ተመላሽ ነው፤ ስንቱ "ዳንኩ" ብሎ ሲወድቅ አይቻለሁ።

ትንሹ እማ ይለኛል። እኔ አላስተማርኩትም። አላረምኩትምም። አልጋው ላይ ስለሚሸና ድሪቶሽ በየሳምንቱ ይታጠባል፤ ያ የተበላ ጉልበት ያልሽው ተቀዷል።

ሰማያዊውን አውጥቼ ነጭ መልሼበታለሁ። ትልቋ በቀደም "እማ፣ እዚህ ጋ ለምን ነጭ ሆነ?" ብላ ጠየቀችኝ። "የተቃጠለ ቦታ ነው" አልኳት። እሺ ብላ ተኛች። ደግሞ ቁንጥንጥ አትበያት። እዚህ ቁንጥንጥ የሚባል ልጅ የለም፤ ወንበር ላይ ቀጥ ብላ ነው የምትቀመጠው።

የጠበባቸውን ልብስ ልኬያለሁ። ኪሱን ሁሉ ፈትሼዋለሁ።

እትዬሽ


ሐምሌ 1 ቀን 72

እትዬ፤

ዛሬ ጤናዎን አልጠይቅም። ጤነኛ መሆንዎን ከደብዳቤዎ አይቻለሁ።

ትልቋም እማ አለችዎት! በአራት ዓመቷ ቀሚሴን እንዳነቀች የሄደችው ልጅ! እኔ ልጆቼን በአደራ ነው የሰጠሁዎት። ስሰጥዎ "እስክትድኚ" ብለው በወንድምዎ መቃብር ፊት ነው የተናገሩት፤ አፈሩ ገና ሳይደርቅ። ድኛለሁ። ወረቀት ላኩልዎ፣ ወረቀቴን ዋጡት። ጨርቅ ቀቀልኩልዎ፣ ጨርቄን ጣሉት። ልብ ካለዎት በበሽታ አያሳቡ፤ "ልጆችሽን ወድጃቸዋለሁ፣ አልመልስም" ይበሉኝ።

እርስዎ የእናት ነገር ከየት ይገባዎታል? አንድ ልጅ ወልደው እሱንም በሆቴል አንሶላ ጠቅልለው የቀበሩ ሴት! የእሱ ቦታ ባዶ ቢሆንብዎ የእኔን ልጆች እየቀደዱ ሊጥፉበት? አይገጥምልዎትም። እኔ ሰፊ ነኝ፤ የሚገጥመውንና የማይገጥመውን አውቃለሁ።

ይፈርሙልኝ።


መስከረም 30 ቀን 73

ይድረስ ለእትዬ፤

ብርዱ ገባ፤ ብርድ ልብሶቹ አልመጡም። ከሰኔ ወዲህ ልብስም አልመጣም። መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሆን ብዬ ሦስት ጊዜ ፖስታ ቤት ሄድኩ፤ ጸሐፊው ሲያየኝ ገና ከበሩ ላይ ራሱን ይነቀንቃል። በቁጣ የጻፍኩት ነገር አለ። ሰው ሲቃጠል የሚለውን አያውቅም። ስለ ሟቹ ልጅ የተናገረች ምላሴ ትቆረጥ።

ልጆቹ በምን እየተኙ ነው?

የወንድምዎ ሚስት


ጥቅምት 15 ቀን 74

እትዬዋ፤

ሌላ ዓመት ሆነ። ፊርማውን አልጠይቅዎትም፤ ተውኩት። ዘርግቼው የነበረውን አልጋም አጥፌዋለሁ። ብቻ የጠበባቸውን ልብስ ይላኩልኝ። ታጥቦ ይሁን፣ ተቀቅሎም ይሁን። አንድ ካልሲም ቢሆን።

በእግርዎ ሥር ነኝ።


ታኅሣሥ 2 ቀን 74

ለመርፌ፤

ሦስቱንም ደብዳቤ አንብቤያለሁ። የመጀመሪያውን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ሥራ ቦታ አንሶላ ባጠፍኩ ቁጥር ይመጣብኛል፤ የማጥፈው በቀን ስንት እንደሆነ ደግሞ ታውቂያለሽ። ጥሩ ወግተሻል፤ ቦታውን አልሳትሽም።

አሁን የእኔን ስሚ። የትንሹን ድሪቶ ለጎረቤታችን ውሻ ሰጥቻታለሁ። ወልዳለች፤ ስድስት ናቸው፣ ላዩ ላይ ተኝተው ሲጠቡ ደስ ይላሉ። እኔ የእናት ነገር አይገባኝም ብለሽኝ የለ? ለእሷ ይገባታል ብዬ ነው። ትንሹ አልጠየቀም። ከሱቅ ወፍራም ገዝቼለታለሁ።

የትልቋንም ልሰጥ ነበር፤ ይዛው አለቀሰች። ምን እንዳስለቀሳት እሷም አታውቀውም። እሱን ብቻ በየዓመቱ እልክልሻለሁ፣ ከጠበባት ልብስ ጋር። ትሰፊያለሽ፣ ትመልሺያለሽ። ከውስጡ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ባገኝ፣ አንዲት ፊደል ተጠልፋበት ባይ፣ እሱም ወደ ውሻዋ ይሄዳል። ለእኔም መልካም ምኞት እየደረደርሽ አትጻፊልኝ።


ጥር 6 ቀን 74

እትዬ፤

እሺ።

ቃል አይኖርበትም። ሰማያዊው ግን ቃል አይደለም፤ ጨርቅ ነው።


ነሐሴ 19 ቀን 78

ለመርፌ፤

አራት ዓመት ሙሉ ቃልሽን ጠብቀሻል፤ እውነት እውነት ነው። በየዓመቱ ጠርዝ ትጨምሪያለሽ፣ በየዓመቱ ሰማያዊውን ትመልሺያለሽ፣ በየዓመቱ እኔ አወጣዋለሁ። ስንት ቀሚስ ቢኖርሽ ነው የማያልቀው? ዘንድሮ ግን ልጅቷ ቀድማኝ ጥቅሉን ፈታችው፤ ሳላወጣው ሁለት ሌሊት ተኛችበት። ከዚያ መጥታ "እማዬ፣ ለሰፊዋ ደብዳቤ መጻፍ እፈልጋለሁ" አለችኝ።

አዎ፣ ሰፊዋ። "ማን ነው የሚሰፋልኝ?" ስትለኝ "አገር ቤት ያለች አንዲት ልብስ ሰፊ" አልኳት። ዋሸሁ? ልብስ ሰፊ አይደለሽም?

የጻፈችው በዚሁ ፖስታ ውስጥ አለ። አልነካሁትም። መልሱን እንደፈለግሽ ጻፊ፤ እኔ አልቀድም፣ አልሰርዝም። ከፈለግሽ ንገሪያት። አሥራ አንድ ዓመት ሞልቷታል፣ ማንበብ ጎበዝ ናት፣ ይገባታል። ግን መጀመሪያ የምትጠይቀው እኔን አይደለም። "ታዲያ ለምን ሰጠችኝ?" ነው የምትለው። ወንድሟም እማ እያለኝ እንቅልፍ የሚወስደው ልጅ ነው፤ አጠገቧ ቆሞ ይሰማል። እኔ ለእኔ የሚደርሰኝን መልስ አዘጋጅቻለሁ። አንቺ የአንቺን አዘጋጂ።

እትዬሽ


(በዚሁ ፖስታ ውስጥ፣ በመስመር ደብተር ወረቀት ላይ)

ይድረስ ለልብስ ሰፊዋ፤

ጤና ይስጥልኝ። እርስዎን ስላስቸገርኩ ይቅርታ። ስምዎን እማዬን ጠይቄያት አላወቀችውም፤ ለዚህ ነው ሰፊዋ ያልኩዎት።

ብርድ ልብሱ በጣም ይሞቃል፤ አመሰግናለሁ። ግን ጓደኞቼ ቤት ሲመጡ ይስቁብኛል። የአሮጌ ልብሴን ጠርዝ ሲያዩ "ይሄኛው የአንደኛ ክፍል ቀሚስሽ ነው፣ ይሄኛው ፒጃማሽ ነው" እያሉ ይቆጥራሉ። ስለዚህ አዲስ፣ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው፣ ለትልቅ ልጅ የሚሆን ይስፉልኝ። ወይን ጠጅ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ሌላው ደግሞ መሃሉ ነው። እርስዎ ሁልጊዜ መሃሉ ላይ አሮጌ ሰማያዊ ጨርቅ ያደርጋሉ፤ እማዬ ደግሞ ሥራ ውላ መጥታ ማታ በመነጽር እየተረተረች ታወጣዋለች። በየዓመቱ! ዓይኗን ያማታል። ዘንድሮ ተኝቼበት ነበር። ሻካራ ነው፣ ሽታውም ሌላ ነው፤ ፊቴን ሲነካኝ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም ልቤን አመመኝ። እባክዎን ከእንግዲህ እሱን አያድርጉበት።

እማዬ እርስዎ ልጆች እንዳሉዎትና እንደሌሉዎት አታውቅም። ካሉዎት ሰላም ይበሉልኝ።

አክባሪዎ፣
ደንበኛዎ


መስከረም 1 ቀን 79

እትዬ፤

ለልጅቷ የጻፍኩትን ፖስታውን ሳልለጥፍ ልኬዋለሁ። ያንብቡት። አንብበው ሲጨርሱ በእጅዎ ይስጧት፤ ስትስቅም ስታኮርፍም ፊቷን ይዩልኝ፤ እኔ አላየውምና።

አሸንፈዋል። ጨርቁን በሙሉ ተርትሬ ብጨርስም የእርስዎን ስፌት ከልጆቹ ላይ ማላላት አልችልም። ያ የሞተብዎ ልጅ ቢኖር ኖሮ ግን እላለሁ፣ አሁንም እላለሁ፣ እንዲህ አድርገው ባልበደሉኝ ነበር። ይሄን ለክፋት አይደለም የምለው። ለክፋትም ነው።


ይድረስ ለደንበኛዬ፤

ጤናሽ ይብዛ፤ ትምህርትሽም ይቅናሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ፊደልሽ ደስ ይላል፤ የ"ሰ" እግርሽ ብቻ ዘንበል ትላለች። እኔም የምጽፋት እንደዚያው ነው፤ ቸኩለን ይሆናል።

ጓደኞችሽ ልክ ናቸው። ለትልቅ ልጅ የአንደኛ ክፍል ቀሚስ አይሆንም። እኔ ነኝ ያላሰብኩት። ሰው ከሩቅ ሲሰፋ ልጅ የምታድግ አይመስለውም። ወይን ጠጁን ነገ ገበያ ወጥቼ እገዛልሻለሁ፤ ሻካራ እንዳይሆን መጀመሪያ በጉንጬ አሸዋለሁ። ጥጡንም በሙሉ አዲስ አደርገዋለሁ። ጠርዝ አልጨምርበትም፤ አንድ ወጥ ይሆናል፣ አንዴ ከመጣ ተመልሶ መምጣት አያስፈልገውም።

ስለ ሰማያዊው ጨርቅ ጥፋቱ የእኔ ነው። እናትሽን ይቅርታ በይልኝ፤ ዓይኗ በእኔ ምክንያት መታመም አልነበረበትም። አንድ ጊዜ፣ ገና ትንሽ ሳለሽ፣ ያለሱ እንደማትተኚ ነግረውኝ ነበር። እሱን ይዤ ቀረሁ። የቆየ ወሬ ነው፤ ማንም "አሁን ትታዋለች" ብሎ አልነገረኝም። ልብሽን ያመመሽ ምንም አይደለም፤ የቆየ ጨርቅ አቧራ ይይዛል፣ እሱ ነው። ከእንግዲህ አላደርገውም። የቀረውን ቁራሽ ለመኪናዬ መወልወያ አድርጌዋለሁ።

ስሜን መጠየቅሽ ጨዋነትሽ ነው። ሰፊዋ በዪኝ፤ እዚህም ሰፈሩ በሙሉ የሚጠራኝ በሱ ነው። ስለ ልጆች ላልሽው፣ ሁለት ነበሩኝ፤ ሰላምታሽን አደርስላቸዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቸገረኝ፤ አዲሱን ለመቁረጥ ቁመትሽን ማወቅ አለብኝ። ሜትር አልወድም። ረዥም ክር ያዢና ከራስ ፀጉርሽ እስከ ተረከዝሽ ተለኪ፤ ልኩ ላይ ቁረጪና ክሩን ራሱን ላኪልኝ። ብቻሽን አይሆንልሽም፤ እናትሽ ትለካሽ። ቀጥ ብለሽ ቁሚላት።

ሰፊዋ